ፊኛው ከበደኝ

ጁባ፣ መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዶክተር ቤተልሄም፣ ሰበታ

የወንድምሽ የወንዲ ሰላምታ ካለሽበት ይድረስሽ። አዲሱ ዓመት ላንቺም ለክሊኒክሽም መልካም ይሁን። ለሁሉም ሰው ጤና ይስጥ ብዬ እንዳልመርቅ አንቺ ምን ልትበዪ ነው? ስለዚህ ለሰበታ ሰው ትንሽ ትንሽ ጉንፋን ይላክለት። እኔ ደህና ነኝ። ቦቴዬም ደህና ናት፤ ከነጭ ዓባይ ውሃ እየቀዳን ሰፈር ለሰፈር እንዞራለን።

እማዬን በየወሩ ግፊቷን እንደምትለኪያት ሰማሁ። ከሱሉልታ ሰበታ ድረስ ሦስት ታክሲ ይዛ የምትመጣው አጠገቧ ሐኪም ጠፍቶ እንዳይመስልሽ። «ቤቲ የወለድኳት ናት» ትላለች። እናትሽና እናቴ የእህትማማች ልጆች ናቸው ብንላት አትሰማም። ክፉ አይንካሽ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው። የአራት ዓመቱ ልጄ ማቲ አስም ይዞታል። እዚህ የሚሸጠው አፍ ውስጥ የሚነፋው ፓፍ ጊዜው ያለፈበት ነው እየተባለ ሰው አያምነውም። ቡራዩ ሱቅ ያለው ሐሰን በየወሩ መለዋወጫ ይዞ ጁባ ይመጣል፤ በሱ ላኪልኝ። በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ግን እኔና አንቺ ስንደዋወል ስለ ዝናብና ስለ መብራት መጥፋት አውርተን እንዘጋለን። ወረቀት ላይ እደፍራለሁ።

ደግሞ ይህንንም እወቂው። ልጁን ማፈን ሲጀምረው እኔ ቤት ውስጥ አልቆምም። የምትይዘው ሚስቴ ጀዋሂር ናት። እህቴ ማሪቱ እጄ ላይ ካለፈች ዘጠኝ ዓመት ሊሆን ነው፤ እጄ ግን እስከ ዛሬ የሚተነፍስ ሰው አይነካም። አንቺ እዚያው ስለነበርሽ ብዙ አልነግርሽም።

ወንድምሽ ወንዲ


ሰበታ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ወንዲ

እግዚአብሔር አንተንም፣ ጀዋሂርንም፣ ማቲንም በያላችሁበት ይጠብቅልኝ። እናትህ እትዬ ተረፈች ደህና ናቸው። ጨው ቀንሱ ብላቸው «ጨው የሌለው ወጥ የእስረኛ ነው» ብለው ተቆጡኝ።

ሁለት ፓፍ በሐሰን ልኬያለሁ። አሁን ቀልዱን ተውና በደንብ አንብብ። ባዶ ሃይላንድ ፈልግ፣ ትንሿን። ቂጧን በፓፉ አፍ ልክ ብሳና ፓፉን እዚያ ሰካ፤ ማቲ በጠርሙሷ አፍ በኩል ይተንፍስ። አንዴ ጫን፣ አምስት ጊዜ እስኪተነፍስ ጠብቅ፣ እንደገና ጫን። አራት ጊዜ እንዲህ አድርግ። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም መናገር ካቃተው ፓፉን እየሰጣችሁት ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ይህንን ጀዋሂር ብቻ ሳትሆን አንተም ተማር። አስም ተራ ጠብቆ አይመጣም።

በቀደም አንዲት ስፔሻሊቲ የምትማር ሬዚደንት ለልምምድ ክሊኒኬ መጥታ፣ የመጀመሪያ ዓመትሽ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ሲኒየሩ ሐኪም በሽተኛ እያየ ከኋላው ቆሜ እንቅልፍ ወስዶኝ በሽተኛው ራሱ «እመቤት፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጪ» እንዳለኝ፣ የሌሊት ዲዩቲ ጨርሼ ቡራዩ ታክሲ ውስጥ አንቀላፍቼ ሦስት ጊዜ እንደተመላለስኩ ነገርኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።  የሚያስቀውን ብቻ ነበር የነገርኳት።

በርታ።

ቤተልሄም


ጁባ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቤቲ

እንደምን ሰነበትሽ? ፓፉ ደርሶናል፤ ጀዋሂር ጠርሙሷን ሠርታ ጥልፍ የሚመስል ልብስ አልብሳታለች።

ያልሽው አልቀረም። ባለፈው ማክሰኞ ቀትር ላይ ጀዋሂር ገበያ ሄዳ ማቲን አፈነው። ፓፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አየሁት። ልጄ እጁን ዘርግቶልኛል። እኔ ምን ያደረግሁ ይመስልሻል? ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ጎረቤታችን ሬሐና ጩኸቴን ሰምታ ገባችና ሰጠችው። ሲሻለው «አባ፣ የት ሄደህ ነው?» አለኝ። የአራት ዓመት ልጅ እኮ ነው። 

ፈራሁ ቤቲ። ጀዋሂር እናቷ ታመው ታኅሣሥ ሃያ አምስት ወደ ድንበር ትሄዳለች፤ ከወር በፊት አትመለስም። ከልጁ ጋር ብቻዬን ልቀር ነው።

ዘጠኝ ዓመት ያልጠየቅኩሽን ዛሬ ልጠይቅሽ። ያን እሁድ ማሪቱ አልጋ አጠገብ ሬዚደንቷ አንቺ ነበርሽ። የማስተንፈሻ ማሽን እስኪለቀቅ ድረስ የአየር ፊኛ በእጅ እየጨመቅን ስናስተነፍሳት፣ በእኔ ተራ ምን ያህል ደቂቃ አንቀላፋሁ? አይተሽኛል? የገደላት እጄ ነው? እንዲያው እውነቱን። እውነት ከሆነ ልጁ ከኔ ጋር መቅረት የለበትም።

ወንዲ


ሰበታ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ወንዲ

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ደብዳቤህ ቶሎ ደርሶኝ ነበር፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት።

የማሪቱ ነገር የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። በሽታዋ ከባድ ነበር። ራስህን አታስጨንቅ። ጀዋሂር ስትሄድ ሬሐናን ለምናት፣ ማቲ እሷ ዘንድ ይዋል። አንድ ፓፍ ጨምሬያለሁ።

እትዬ ተረፈች ትናንት መጥተው ነበር። ግፊታቸው ደህና ነው። እንደ ልማዳቸው ሲወጡ እጄን ሳሙኝ። አትሳሙኝ ብላቸው እምቢ አሉ።

ቤተልሄም


ጁባ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቤቲ፣

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ አትቀየሚ። የጠየቅኩሽን አልመለስሽልኝም። ያልመለስሽልኝ ስላዘንሽልኝ ነው፤ ገብቶኛል።

ሬሐና ቤት ለቃለች። ስለዚህ ቆርጫለሁ። ጀዋሂር ልጁን ይዛ ትሂድና እዚያው እህቷ ዘንድ ትተወው። እህቷ ልጅ የላትም፣ እንደ ልጇ ታሳድገዋለች። ጀዋሂር ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ታኅሣሥ ሃያ አምስት ይሄዳሉ። በቤተሰባችን አንድ ሰው በእጄ ሞቷል፤ ሁለተኛ አይሞትም።

ለእማዬ አትንገሪያት። የልጅ ልጇን ዓይን ሳታይ እንዳትቀር በየቀኑ ትሳላለች።

ወንዲ


ሰበታ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ልጁን አትስጥ። መጀመሪያ ይህንን አንብብ።

ሦስት ጊዜ ደውዬልሃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ድምፅህን ስሰማ ስለ ፓፉ ጠይቄህ ዘጋሁ። ሐሰን ነገ ስለሚበር ዛሬ በሽተኛ አልቀበልም ብዬ ይህንን እጽፋለሁ። ጽሑፌ ካስቸገረህ ይቅርታ።

አንተ አላንቀላፋህም።

አንተ የምታስታውሰውንም የማታውቀውንም ልጻፈው። ማሪቱ አርብ ዕለት ከሱሉልታ ሆስፒታላችን መጣች፤ ከእግሯ የጀመረው መዛል ደረቷ ደርሶ ነበር። ሲኒየሩ ሳምንት ሁለት ሳምንት ካስተነፈስናት ትድናለች አለ። ማሽኖቹ ሁሉ ተይዘው ነበር፤ ሰኞ አንድ ይለቀቃል ተባለ። ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ አስገባንላትና አየር የሚገፋውን ፊኛ ለእናንተ ሰጠን። ያኔ ሁሉም እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ሰው አልነበረንም። እድራችሁ መጣ። የእድሩ ሰብሳቢ ኦቦ ሁንዴ ለቀብር ተራ የሚያወጡበትን ደብተር ይዘው መጥተው፣ ለቀብር የቀረ ከተቀጣ ለዚህ የቀረ እጥፍ ይቀጣል ብለው ሰው በየግማሽ ሰዓቱ ደለደሉ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። አንዱ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለ በእያንዳንዱ አንዴ ይጨምቃል። ኦቦ ሁንዴ በኦሮምኛ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያሉ ይቆጥራሉ። ማሪቱ ነቅታ ነበር። በዓይኗ ታመሰግን ነበር።

የእኔ ሥራ ምን ነበር? በየሁለት ሰዓቱ ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመውን አክታ በማሽን መምጠጥና ካርዱ ላይ መፈረም። ቅዳሜ ጠዋት የገባሁ እሁድ ከሰዓት አልወጣሁም ነበር። የአምስት ሰዓቱን መጠጥኩ። የሰባት ሰዓቱን አልመጠጥኩም። ሲኒየሩ ሊዞር ስለነበር ግን ተመጥጧል ብዬ ፈረምኩ፤ ሌላውን በሽተኛ አይቼ እመለሳለሁ ብዬ ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ እንፈርም ነበር። አልተመለስኩም።

በስምንት ሰዓት ያንተ ተራ ገባ። ጥቂት ቆይተህ ጠራኸኝ። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? እኔ በየቀኑ እሰማዋለሁ።

«ቤቲ፣ ፊኛው ከበደኝ።»

ካጎነበስኩበት ካርድ ቀና አላልኩም። «ደክሞህ ነው፤ በርታ» አልኩህ።

ወንድም ጋሼ፣ ፊኛ የሚከብደው ቱቦ ሲደፈን ነው። ይህንን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። አንተ ሐኪም ሳትሆን ማንም ያላየውን በእጅህ ይዘህ ነገርከኝ። እኔ ሐኪሟ አልሰማሁህም። አንተ እየበረታህ ጨመቅህ፣ አየሩ ግን አይገባም ነበር። ስሮጥ የመጣሁት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ቱቦውን ስነቅለው ጫፉ እንደ ሻማ በደረቀ አክታ ተደፍኗል። በጓንት ጠቅልዬ ጣልኩት። ማንም አላየኝም።

ከዚያ አንተ መሬት ላይ ተቀምጠህ «ሸለብ አድርጎኝ ነበር መሰለኝ» አልክ። ሁሉም ሰው ሰማ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብዬህ ሄድኩ። በዓመቱ አንተ አገር ለቀህ ስትሄድ ቡራዩ ድረስ መጥቼ ሸኘሁህ። ያን ዕለትም ዝም አልኩ።

ለምን ቢባል ፈራሁ። ያኔ ከትምህርቴ እንዳልባረር ፈራሁ። ከዚያ ፈቃዴን እንዳልነጠቅ፣ ከዚያ ክሊኒኩን ከከፈትኩ በኋላ የሰበታ ሰው ፊቱን እንዳያዞርብኝ። ከሁሉ በላይ እናትህን እፈራለሁ። «እስከ መጨረሻው ያልተለየሻት አንቺ ነሽ» እያሉ እጄን ሲስሙኝ፣ መሬት ተሰንጥቆ በዋጠኝ እላለሁ። አሁንም እንደፈራሁ ነው። ይህንን ወረቀት ይዘህ የፈለግክበት ብትከሰኝ መብትህ ነው።

ልጁን ግን አትስጥ። ሲያፍነው ያዘው። ያ እጅ የሚያውቅ እጅ ነው።

ቤተልሄም


ጁባ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቤተልሄም፣

ደብዳቤሽ ታኅሣሥ አሥራ ስድስት ደርሶኛል። ወር ያቆየሁሽ ሆን ብዬ ነው። አንቺ ዘጠኝ ዓመት አቆይተሽኛል፤ ወር ምን አላት?

ቦቴውን ዛፍ ሥር አቁሜ አነበብኩት። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። ያን ቀን ውሃ አላደረስኩም፤ ደንበኞቼ ሲሰድቡኝ ዋሉ። መጀመሪያ የመጣብኝ ነገር ከሐሰን ጋር ተሳፍሬ መጥቼ አንቺን ማነቅ ነበር። ሁለተኛ የመጣብኝ ለቅሶ ነው። ዘጠኝ ዓመት እንቅልፍ ስለምፈራ ተኝቼ አላውቅም። የዘመድ ልጅ ሆነሽ፣ ጉድሽን እኔ ላይ ጭነሽ፣ በየዓመቱ «በርታ» ትዪኛለሽ! «በርታ» የምትል ቃል ከአፍሽ መስማት አልፈልግም።

ልጁ አልሄደም። ጀዋሂር ብቻዋን ሄደች።

ጥር ሦስት ቀን ከምሳ በኋላ አፈነው። እግሬ ወደ በሩ ሄደ። እውነቴን ነው፣ በሩን ከፍቼው ነበር። ከዚያ ተመለስኩ። ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጠርሙሷን አፉ ውስጥ አደረግሁ። እጄ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ጥርሱን መታሁት። ጫንኩ። አምስት ቆጠርኩ። ጫንኩ። በኦቦ ሁንዴ ቋንቋ ነበር የምቆጥረው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን። አራተኛው ላይ ደረቱ ላላ። «አባ፣ ጥርሴን» አለኝ። ሳቅሁም አለቀስኩም።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ልጽፍ ፈልጌ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ። «ሸለብ አድርጎኝ ነበር» ያልኩት በእድሩ ፊት ነው። የጻፍሽልኝን በእድሩ ፊት ተናገሪ። እማዬ ባለችበት። የወሩ ስብሰባ የካቲት ሁለት እሁድ ነው። ካልሄድሽ ይህ የመጨረሻ ደብዳቤያችን ነው።

ወንዲ


ሰበታ፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወንዲ

የማቲ ደረት እንደላላ የሁላችሁም ይላላ። ከዚህ የተሻለ ሰላምታ አላገኘሁም።

ሄጄ ነበር። ልክ እንደሆነው ልንገርህ።

አዲሱ ገበያ ደርሼ ሁለት ጊዜ ከታክሲ ወረድኩ። አንዱ ረዳት «እመቤት፣ ወይ ግቢ ወይ ውጪ» አለኝ። ሱሉልታ ስደርስ ጉባኤው ተጀምሯል። ዳሱ ሙሉ ነው። እናትህ ከሴቶቹ መሀል ሆነው ሲያዩኝ ደስ ብሏቸው ቦታ ለቀቁልኝ። አልተቀመጥኩም። ኦቦ ሁንዴን የምናገረው አለኝ አልኳቸው። አርጅተዋል፣ በዘንግ ነው የሚቆሙት። «ዱበዹ ኢንታላ ኮ፣ ተናገሪ ልጄ» አሉኝ።

 ለአንተ የጻፍኩትን ቅጂ አውጥቼ አነበብኩት። የፈረምኩትን፣ «ፊኛው ከበደኝ» ያልከኝን፣ «ደክሞህ ነው» ያልኩህን፣ ቱቦውን የጣልኩትን። ጨርሼ ቀና ስል ማንም አላየኝም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት ኦቦ ሁንዴ ናቸው። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ደብተራቸው እያዩ ነበር።

«ከወንዲ በፊት ተራው የእኔ ነበር» አሉ። «በእኔም እጅ ከብዶ ነበር። አርጅቼ ነው ብዬ አፈርኩና ዝም አልኩ። ወንዲ ሸለብ አድርጎኝ ነበር ሲል፣ እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ የገደልኳት ብዬ አውቅ ነበር። እሱንም አልተናገርኩም። ሰው ፊት ለመናገር ፈራሁ።»

ከዚያ ሌንጮ ተነሳ፣ ጎረቤታችሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አንተን ሊተካ የነበረው እሱ ነው። ምሳ ሲበላ አረፈደ። እኔ በሰዓቴ ብደርስ ኖሮ እያለ ዘጠኝ ዓመት እሁድ እሁድ ከሰዓት ምግብ አይበላም። ሚስቱ ጾም መስሏት ነበር። እዚያው ቆሞ አለቀሰ።

እየው እንግዲህ። አንድ ቃል ብናገር አንተን ብቻ አልነበረም የማድነው።

እናትህ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነስተው ሄዱ። ተከትዬ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። የምፈራው ሁሉ ደረሰ ብዬ ወደ ሰበታ ገባሁ። ሰኞ ለሚመለከተው የሙያ ቁጥጥር ክፍል በራሴ ላይ ደብዳቤ ጻፍኩ። ገና አልመለሱልኝም። በር ሲንኳኳ ሁሉ እደነግጣለሁ፤ ፈቃዴን ሊወስዱ ይችላሉ። ለዚያች ሬዚደንትም የሚያስቀውን ትቼ ሌላውን ነገርኳት። አልሳቀችም። ማታውን የፈረመችበትን ካርድ ሁሉ እንደገና ስታይ አገኘኋት።

ትናንት ረቡዕ እትዬ ተረፈች የክትትላቸው ቀን ነበር። አይመጡም ብዬ ስማቸውን ከተራው ላይ ሰርዤዋለሁ። በአራት ሰዓት ሲመጡ አየኋቸው፤ ሦስት ታክሲ ይዘው፣ አቧራ ለብሰው። ሰላም አላሉኝም። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ክንዳቸውን ገልጠው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ለኪኝ» አሉ።

የመለኪያውን ጨርቅ ሁለት ጊዜ ጠቅልዬ ፈታሁት። አላገዙኝም። ግፊታቸው ከፍ ብሏል። ስነግራቸው «ከፍ ይበል እንጂ! ምን ልሁን ብለሽ ነው?» አሉኝ። መድኃኒታቸውን ተቀብለው ተነሱ። እጄን አልሳሙም። በሩ ላይ ደርሰው ዞሩ።

«ከእንግዲህ ሰው ከበደኝ ሲልሽ ቀና በይ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። 

ከዚያ ለአንተ እንድጽፍልህ አዘዙኝ፤ ቃላቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ። «ልጁን ይዞ ይምጣ በይው። ልጁን ማየት እፈልጋለሁ። እሱ ደግሞ ሲመጣ እጁን ይስጠኝ፤ የምስመው እጅ ተሳስቼ ኖሬያለሁ።»

ቤተልሄም